ለእኔ ብቻ የተጻፈልኝ ደብዳቤ

ቢረውን፣ ኦገስት 2 ቀን 2017

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለሚዋ ኑርሃያቲ፣ ፔናንግ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ ተሻለዎት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን እንደ ጥንቱ ነው። ራህሚ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት፤ ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ደርሷል።

ሚዋ፣ አዲስ ሥራ ጀምሬያለሁ። ትምህርት ቤቱ እንደሆነ በኮንትራት ነው የማስተምረው፤ ደመወዙ የትም አያደርስም። አሁን ፔና የሚባል ድረ ገጽ መጥቷል። ሰው የጻፈውን ይለጥፋል፣ አንባቢ ሲወድለት ይከፈለዋል። የቢረውን ወጣት ሁሉ ፓክ ራዛሊ ቡና ቤት ተሰብስቦ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ደራሲ ሆኗል ብልዎት ይቀላል።

ችግሩ ጽሑፉ የራስ መሆን አለበት። ኢቡ ዴሲ የምትባል ተቆጣጣሪ አለች፤ ሜዳን ከተማ ተቀምጣ የኛን ኪስ ትፈትሻለች። እኔም ተይዣለሁ። ስለ ቃሪያ አተካከል ከአንድ የግብርና ገጽ ወስጄ ለጠፍኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከሥሩ ቀይ ምልክት አድርጋ፣ «ወንድም ሙዘኪር፣ ይህ ቃሪያ የበቀለው ሰው ጓሮ ነው» ብላ ጻፈችልኝ። ቡና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እስከ ዛሬ ስሜ «ቃሪያው» ነው። አንዴ ከደገምኩ ክፍያዬ ይቆማል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። ካሜራው ደህና የሆነ ያገለገለ ስልክ ካገኙ ይላኩልኝ። ሌላው፣ ስለ ድሮው ጊዜ ይጻፉልኝ። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ሰው አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኛል፤ እንዴት እንደሚጻፍ ልማርበት።

እናቴ የአባቴን ቀብር ነጭ ሴራሚክ ልታስለብሰው ነው። ከእንቁላል ሽያጭ ስታጠራቅም ቆይታለች። እንደሚያውቁት አንድ ጁምዓ እንኳ ሳትሄድ ቀርታ አታውቅም። ለኢድ ቢመጡ እንዴት ደስ ባላት!

የእህትዎ ልጅ
ሙዘኪር


ፔናንግ፣ ኦገስት 27 ቀን 2017

ለእህቴ ልጅ ለሙዘኪር

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ እጅህን ይባርክልህ፣ ፊደልህን ደግሞ ያስተካክልልህ። ደብዳቤህ ውስጥ አራት ቃል ገድፈሃል፤ መምህር ነኝ እያልክ!

በመጻፍ ገንዘብ ይከፈላል ስትለኝ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ልጅ እጅ ጽሕፈት ሳስተምር የተከፈለኝ ዶሮና ሩዝ ነው። ስልኩን ሐጂ ሉትፊ ጨርቅ ለመሸጥ ሲሻገር ያመጣልሃል። ለእኔማ ያ የባሕር ውሃ የጎዳው ጆሮዬ ጨርሶ ከደነቆረ ወዲህ ስልክ ጌጥ ነው።

አሁን የምጽፍልህን ብቻህን ሆነህ አንብብ።

ሱናሚው፣ ያ ውሃ፣ አባትህን ይዞ ከሄደ ዘጠኝ ቀን ሆኖ ነበር፤ አስከሬኑም አልተገኘም። እናትህ ራህሚን አርግዛ ነበር፣ ስድስት ወሯ። እህል አልቀመሰችም። ጎህ ሲቀድ ትወጣና ባሕሩ ዳር ጃንግካ ያሉት የዓሣ ኩሬዎች ዘንድ ጭቃ ውስጥ እየገባች የሞተ ሰው ታገላብጣለች። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይሸፍናል፤ እሷ አትሸፍንም፤ ጎንበስ ብላ ፊት ለፊት ታያለች። አንተ አጎትህ ቤት ነበርክ፤ አላየህም፤ እንኳን አላየህ።

በአሥረኛው ቀን ከኩሬ አንድ ሰው አወጡ። ፊቱ የሚለይ አልነበረም። የታጠቀው ሽርጥ አባትህ የሚታጠቀው ዓይነት ነው፤ የዚያ ባሕር ዳር ወንድ ሁሉ የሚታጠቀው ማለት ነው። እናትህ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ከታች ወደ ላይ አየችኝና «እትዬ፣ እሱ ነው?» አለችኝ።

አልነበረም። የሐስበላ እግር አጭርና ሰፊ ነው፤ አማቼ ስለሆነ ጫማ ገዝቼለት አውቃለሁ። የዚህኛው እግር ረጅም ነበር። እሱ አይደለም ብላት ነገም ትመለሳለች፤ ከነገ ወዲያም። ሆዷ ውስጥ ያለውን ልጅ አየሁ። «እሱ ነው» አልኩ።

ቀበርነው። እናትህ ማታውኑ ውሃ ጠጣች። በማግስቱ ሩዝ በላች። ሰውን በአንድ ቃል ወደ እህል መመለስ ይቻላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ኢድ በመጣ ቁጥር ሰበብ የምፈጥረው ትኬት ተወዶብኝ አይደለም። እዚያ ቀብር አጠገብ ከእሷ ጎን ቆሜ ለሙት የሚነበበውን ያሲን መቅራት አቅቶኝ ነው። አሁን ደግሞ ሴራሚክ ልታስለብሰው መሆኑን ስትነግረኝ ደብዳቤህን ዘርግቼ አነጋሁ።

ለእናትህ አትንገር። ለማንም አትንገር። የቤቱ ወንድ አንተ ነህና አንድ ሰው ይወቀው ብዬ ነው። ለአንተ ብቻ ነው የጻፍኩት። ዱዓ ስታደርግ ለሁለቱም አድርግ፤ ለአባትህም፣ ለማናውቀውም።

አላህ ይጠብቃችሁ።
ኑርሃያቲ


ቢረውን፣ ኦክቶበር 29 ቀን 2017

ይድረስ ለውድ አክስቴ

አሰላሙ ዐለይኩም። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈተና ማረም በዝቶብኝ ነው።

ስልኩ ደርሶኛል፤ አላህ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎንም አንብቤዋለሁ። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም።

ከእንግዲህ ምንም አይላኩልኝ። ፔና ላይ ጽሑፌ መወደድ ጀምሯል፤ የትዝታ ውድድር ነበር፣ አንደኛ ወጣሁ። «ቃሪያው» የሚለኝ ሰው የለም አሁን። ኢቡ ዴሲ ራሷ «እውነተኛ የራስ ጽሑፍ ማለት ይህ ነው» ብላ ጻፈችልኝ። እናቴን ሎክሱማዌ ከተማ ወስጄ ጉልበቷን አሳክሜያታለሁ። «ልጄ በብዕሩ አሳከመኝ» እያለች ለሰፈሩ ታወራለች።

በሐጂ ሉትፊ በኩል የደረቀ ዓሣና ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ልኬልዎታለሁ። ከወደዱት ሌላም እልካለሁ። የሚፈልጉት ነገር ካለ ይጻፉልኝ፤ ምንም ይሁን።

ሙዘኪር


ፔናንግ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2017

ለሙዘኪር

ወዐለይኩሙ ሰላም። ጨርቁ ለሙሽራ እንጂ ለእኔ አይሆንም፤ ያም ሆኖ አሰፋዋለሁ። ዓሣውን ከተከራዬ ከሲቲ ሐጃር ጋር በላነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ቅመሙ አስነጠሳት።

አንደኛ መውጣትህ አኮራኝ። እናትህን አሳከምኳት ስትለኝማ አለቀስኩ። ግን አንተ ልጅ፣ ምን እንደጻፍክ አልነገርከኝም እኮ! በወረቀት አሳትመህ ላክልኝ። ፊደሉን ተለቅ አድርገው፤ ዓይኔ ደክሟል።

ደግሞ ደብዳቤህ አጠረብኝ። ያን ያህል ነገር ጽፌልህ አንድ መስመር ተኩል ነው የመለስክልኝ። አልቆጣህም፤ ከባድ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ጽሑፍህን ብቻ ላክልኝ።

ኑርሃያቲ


ቢረውን፣ ዲሴምበር 20 ቀን 2017

ይድረስ ለሚዋ

አሰላሙ ዐለይኩም። ተናድጃለሁ።

ጽሑፌን ሰረቁኝ! አንድ የማላውቀው ሰው ከፔና ገልብጦ፣ የኔን ስም አውጥቶ፣ የራሱን አስገብቶ ሌላ ገጽ ላይ ለጠፈው። ቃል በቃል! ነጠላ ሰረዙን እንኳ አልቀየረም። ሥሩ ሺህ ሰው አልቅሶበታል፤ ለእሱ ነው የሚያለቅሱት። «ወንድሜ፣ አላህ ያጽናህ» ይሉታል። እሱም «አሚን፣ አሚን» ይላል። እፍረት የሚባል ነገር የለም? ሰው ያልኖረውን ሐዘን እንዴት የኔ ነው ይላል?

ለኢቡ ዴሲ አመለከትኩ። ሰውዬውም አፉን ሞልቶ «እንዲያውም የሰረቀው እሱ ነው፣ ቃሪያ ሰርቆ የሚታወቅ ነው» ብሎ መለሰላት። አሁን እኔኑ ማስረጃ አምጣ ትለኛለች። መጀመሪያ በእጅህ የጻፍክበትን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክ አለችኝ።

ሚዋ፣ እርስዎ ደብዳቤ ሲጽፉ ቀሪ ያስቀምጣሉ? ተዉት። ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁት።

ጽሑፉን ማተሚያው ማሽን ስለተበላሸ አልላክሁልዎትም። ስለ ዓሣ ኩሬዎች ነው፤ ያን ያህልም አይደለም።

ሙዘኪር


ፔናንግ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 2018

ለተከበሩ ደራሲ ለአቶ ሙዘኪር ሐስበላ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ጽሑፍዎን እንዲልኩልኝ ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም። አንብቤዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሲቲ ሐጃር ዓይኗ አብጦ ከክፍሏ ወጣችና ስልኳን ዘረጋችልኝ። «እማማ፣ የአገርዎ ሰው የጻፈው ነው፤ ይዩት» ብላ በወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። የላይኛው ስም የማላውቀው ሰው ነው። ሌላው ሁሉ የማውቀው ነው። «ሰውን በአንድ ቃል ወደ እህል መመለስ ይቻላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም» የሚለው ጋ ስደርስ ስልኩን መለስኩላት።

«እትዬ» የሚለውን «ልጄ» አድርገውታል። እኔ የቆምኩበት ጭቃ ላይ በአሥራ ሁለት ዓመትዎ ራስዎን አቁመዋል፤ «እሱ ነው» ባዩም እርስዎ ሆነዋል።

የሰረቀዎትን ሰው ስላወገዙበት ደብዳቤ አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናትዎ ሰምታለች?

ኑርሃያቲ


ቢረውን፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2018

ለሚዋ

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬን ባይቀበሉኝም ይገባኛል። አምስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እንደ ተማሪዎ ይውሰዱኝና ይቅጡኝ፤ «እርስዎ» ብቻ አይበሉኝ።

ውድድሩ ሊያበቃ ሁለት ቀን ቀርቶት ስለ አባቴ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሦስት መስመር ጻፍኩ። ደግ ነበር፣ ዓሣ ይወድ ነበር፣ ይናፍቀኛል። ከዚያ በላይ አልመጣልኝም። የእርስዎ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። እንዴት እንደጻፉት ልየው ብዬ አወጣሁት። አንዱን ዐረፍተ ነገር ወሰድኩ፤ ከዚያ ቀጣዩን። ሲያልቅ የፔና ቅጂ ፈታሽ ፕሮግራም ዓለምን ሁሉ ፈትሾ «የሚመስለው አልተገኘም፤ የራስ ጽሑፍ ነው» አለኝ። ከወረቀት ላይ የተሰረቀ ነገር እዚያ እንደማይገኝ ሳውቅ፣ ሚዋ፣ ደስ አለኝ።

እናቴ ሰምታለች።

ዲሴምበር 26 ውሃው የመጣበት ዕለት ሲታሰብ መንደሩ መስጊድ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል። የመንደሩ ሹም ልጅ ሊያስደስተኝ ብሎ፣ ሳይነግረኝ፣ «የመንደራችን ደራሲ የጻፈው» ብሎ በድምፅ ማጉያ አነበበው። እኔ ወንዶቹ ጋ ነበርኩ። መጋረጃው ወዲያ የሴቶቹ ሹክሹክታ ቀስ በቀስ ሲጠፋ ይሰማኝ ነበር። ስሞቹን ቀይሬያለሁ፤ ኩሬውን፣ ሽርጡን፣ ነፍሰ ጡሯን ግን ማን ይስታቸዋል?

እቤት ስገባ እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የምትጮህብኝ መስሎኝ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ና እዚህ» አለችኝ። ሄድኩ።

«እውነት ነው የጻፍከው?»

«እውነት ነው።»

«አንተ ነህ እሱ ነው ያልከኝ? እኔ እኮ አንተ አጎትህ ቤት፣ አጠገቤ ያለችው እትዬ ትመስለኝ ነበር። ያኔ ጭንቅላቴ ልክ አልነበረም።» ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። «በዚያ ዕድሜህ! አሥራ ሦስት ዓመት ብቻህን ተሸክመኸው! የኔ ልጅ፣ የኔ ምስኪን፣ ምነው አልነገርከኝም?»

አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ግን «እኔ አይደለሁም» የምትል አንዲት ቃል እንኳ አልወጣችኝም። በማግስቱ የኢድ ጣፋጫችንን፣ የምወደውን ቲምፋን ጋግራ አቀረበችልኝ። በላሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ታመመ ሰው ታየኛለች፤ ስገባ ስወጣ ራሴን ትዳስሰኛለች። ባለፈው ለራህሚ «ወንድምሽን እንዳታስቸግሪው፣ እሱ ብዙ አይቷል» ስትል ሰማኋት።

ሚዋ፣ እውነቱን ልንገራት ብል የእርስዎን ምስጢር ማውጣቴ ነው። ዝም ብል ደግሞ ያልተገባኝን እንባ መብላቴ ነው። ምን ላድርግ? የሚሉኝን አደርጋለሁ።

ሙዘኪር


ፔናንግ፣ ማርች 14 ቀን 2018

ለሙዘኪር

ወዐለይኩሙ ሰላም።

መቆጣት ፈልጌ ነበር። ቃላቱን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ «የምወደውን ቲምፋን ጋግራ» የሚለው ጋ ስደርስ ቁጣው የት እንደሄደ አላውቅም፤ ሌላ ነገር መጣብኝ።

ዐረፍተ ነገሮቼን ወሰድክ፣ እሺ። እንዲያውም አንዳንዶቹን ሳነብ «ይህቺ ሴትዮ መጻፍ ትችላለች» ብያለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ያ እቅፍ ግን የኔ ነበር። እህቴ ሰምታ ፊቴን በሁለት እጇ ልትይዘው የምትችለው እኔን ነበር። ምናልባትም በጥፊ ትለኝ ነበር። ጥፊውም የኔ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት የፈራሁት እሱን ነበር፤ አንተ መጥተህ ቀድመህ ወሰድክብኝ።

እኔም ግን የሰውን ስም አንስቼ ለሌላ ሰው የሰጠሁ ነኝ። ስለዚህ ዳኛ ልሆንብህ አልችልም።

እዚህ ውስጥ የታሸገ ፖስታ አለ። ለእናትህ ነው። ፖስታውን ከመስጠትህ በፊት በአፍህ «እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት» በላት። ከዚያ ስጣት፤ ከዚያ ውጣና ብቻዋን ታንብበው። ፔና ለሚባለውም ገጽህ እውነቱን ጻፍ። ስሜን ከፈለግህ አስገባው፤ ካልፈለግህ አክስቴ በለኝ።

ይህን ፖስታ እንዳትከፍተው አልልህም። ሁለተኛ መለመን አልፈልግም።

አክስትህ፣ ሚዋህ


ቢረውን፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2018

ለእህቴ ለኑርሃያቲ

እትዬ፣ ያለ ሰላምታ ልጀምር ፈልጌ ነበር። እናታችን ግን ለጠላትም ቢሆን ሰላምታ አይቀርም ብላ ነው ያሳደገችን። ስለዚህ አሰላሙ ዐለይኩም።

ማንበብ እንጂ መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። እኔ እናገራለሁ፣ ሙዘኪር ይጽፋል። አንዲት ቃል ከራሱ ቢጨምር ከቤት እንደማስወጣው ነግሬዋለሁ። እያንዳንዱን መስመር እያየሁት ነው።

ፖስታሽን ሰጥቶኛል። አልተከፈተም ነበር። «እኔ አይደለሁም» ሲለኝ ማንኪያ ይዤ ነበር፤ ወረወርኩበት። ጥፋቱን ገጹ ላይ ጽፎታል። ያቺ ተቆጣጣሪ ቀይ ምልክቷን አድርጋበታለች፤ ከእንግዲህ እዚያ የሚጽፈው ነገር አይከፈልበትም። ቡና ቤት መሄድ ትቷል። እንዳዝንለት አትለምኚኝ።

አንቺን ረግሜሻለሁ። ጽሑፉ መስጊድ የተነበበ ጊዜ ለሁለት ጁምዓ ቀብሩ ጋ አልሄድኩም። በሦስተኛው እግሬ ወሰደኝ። እዚያ ቆሜ ምን እንደምለው ጨነቀኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ጣሪያው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቴ የነገርኩት ሰው ነው፤ ስሙን ግን አላውቅም። ምን ላድርገው፣ ላባርረው? «ይቅርታ፣ ብዙ አስቸገርኩህ» አልኩትና ፋቲሓ ቀራሁለት። ሐስበላን ደግሞ ባሕሩ ዳር ሄጄ አለቀስኩለት፤ እንደ አዲስ።

ውሃ ጠጣች፣ ሩዝ በላች ትያለሽ። አላስታውስም። ራህሚን ሳይ ግን አንቺን መርገሙ ያቅተኛል።

ረመዳን ሳይገባ ነይ። መንገድ ወጥቼ አልቀበልሽም፤ አትጠብቂኝ። በሩ አይቆለፍም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሁላችሁም ስለ እኔ አሰባችሁ፤ ስለ እኔ ዋሻችሁ፤ ስለ እኔ ጻፋችሁ። በሐስበላ ስም የተቀበረው ሰው ሚስትስ? እኔ ቁጭ ብዬ ሩዝ ስበላ እሷ ጭቃ ታገላብጥ ነበር። «እሱ ነው» የሚላት ሰው አላገኘችም። እስከ ዛሬ በር ሲንኳኳ ትደነግጥ ይሆናል።

ስለዚህ ንገሪኝ። የከፈንሽው አንቺ ነሽ። እግሩ ረጅም ነበር ብለሻል፤ ሌላስ? ጥርሱ፣ ጣቱ፣ ጠባሳ ካለው፣ ሽርጡ ላይ ተቋጥሮ የተገኘ ነገር ካለ፣ ትንሹም ቢሆን። ሙዘኪር ገጹ ላይ ያወጣዋል። የራሱን ስም አይጽፍበትም። የተገኘበትን ኩሬ፣ የተቀበረበትን ቦታ፣ የኛን ቤት አድራሻ ይጽፋል። ከላዩ ላይ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ያየ ሁሉ ሳያስፈቅድ ይገልብጠው፣ የራሱም ያድርገው፣ በየቦታው ይለጥፈው ብሎ ይጽፋል። ያችን ዴሲን ጠይቋታል፤ «ይህንንማ የመጀመሪያዋ ገልባጭ እኔ ነኝ» ብላዋለች።

መልስሽን እንደ ልማድሽ ወር አታቆዪው። ሴትየዋ እየጠበቀች ነው።

ጽሕፈቱ የልጄ ነው። ቃሉና ፊርማው የኔ ነው።

ኑርማላ